ሁለት ክር ቀንሰን ያገኘነው

   የዛሬው ወጋችን ስለ ፖለቲካ አይደለም (ተመስገን በሉ)። ስለ አርሰናልና ማንቼም አይደለም። ስለ ጊታር ነው፤ ያውም ስለ ተሰበረ ጊታር።

«ጊታር ደግሞ ምን ወሬ አለው?» እንዳትሉን። ከተሰበረው ጊታር ጀርባ አንድ አቋም አለን። አቋማችንን ደብቀን መጨረሻ ላይ ዱብ ማድረግ አንወድምና ከወዲሁ እንናገረው፦ ሙዚቃ መጫወት የሚፈልገው የከተማችን ወጣት ክር አልጎደለውም፤ እንዲያውም በዝቶበታል። የጎደለው የራሱን ጆሮ ማመን ነው። እኛ ይሄን የተማርነው በመጽሐፍ አይደለም፤ በባጃጅ ነው። እንዴት? ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

አዳማ ተወልደን አዳማ ያደግን አራት ጓደኛሞች ነን። ሃይስኩል ሳለን ባንድ ነበረን፤ ቢያንስ ስም ነበረው (ስሙን አንነግራችሁም፤ ያሳፍራል)። አንደኛችን ዛሬ በየሠርጉ ኪቦርድ ይጫወታል። አንደኛችን ይዘፍናል። አንደኛችን ኤሌክትሪክ ጊታር አለው። አራተኛችን ምንም አይጫወትም፤ ነገር ግን ከልምምድ ቀርቶ አያውቅም። ቡና የሚያፈላውም፣ «ይሄ ዘፈን አይደለም» ብሎ እቅጩን የሚነግረንም እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለው ባንድ ምስኪን ባንድ ነው።

ባንዱ የፈረሰው በጠብ አይደለም። በሥራ ማጣት ነው። ሠርግ የሚደግስ ሰው ድሮ ባንድ ይጠራ ነበር፤ አሁን የሚጠራው አንድ ሰው ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ፍላሽ። ከበሮውም፣ ቤዙም፣ ጭብጨባውም ፍላሹ ውስጥ አለ። ኪቦርዲስቱ ጓደኛችን ራሱ ሲናዘዝ «አንዳንዴ እኔም ፍላሹ ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል» ይላል። ደጋሾቹን አንወቅስም፤ ድግስ ውድ ነው። ብቻ የባለጊታሩ ጓደኛችን ጊታር አልጋ ሥር ገባ፤ እዚያም ለሁለት ዓመት ተኛ።

ከዚያ አንድ ቀን «ልሸጠው ነው» አለ። ለምን? መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ። ባጃጅ መንዳት አስቦ ነበርና ለትምህርቱ ገንዘብ ጎደለው። እኛም «አይሆንም!» ብለን አላለቀስንም፤ ሰው መብላት አለበት። ጊታሩን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ አራታችንም በአንድ ባጃጅ ታጭቀን (ሕጉን እናውቃለን፣ ይቅርታ) ገዢ ወደ ተገኘበት ሰፈር ነጎድን። መንገዱ ላይ ያለውን ጉድጓድ የአዳማ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ጋ ስንደርስ ጊታሩ ከባጃጁ ብረት ጋር ተላተመ። ገዢው ብርድ ልብሱን ሲገልጠው የሦስተኛው ክር መቃኛ ተሰብሯል። ስድስተኛው ክር፣ ማለትም ወፍራሙ፣ ድሮውንም ተበጥሶ የለም። ገዢው አይቶ አይቶ «ሙሉ ሲሆን አምጡት» አለን።

ሙሉ ሲሆን! ይቺ ቃል እስከ ዛሬ ጆሯችን ላይ አለች።

ተመልሰን ሰፈራችን ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ወሰድነው። ጋሼ መነጽራቸውን አውርደው መቃኛውን አገላበጡትና «ልጆቼ፣ የዚህ ጥርሱ አልቋል፤ ምትኩ እኔ ጋ የለም» አሉ። ከዚያ የቀሩትን አራት ክሮች በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉና «አራት ክር ተርፏችሁ የለ? ክራር እኮ አምስትም ስድስትም ነው። መሰንቆ ደግሞ በአንድ ክር ስንት ሠርግ አድምቋል!» ብለው ሳቁ። እሳቸው ቀልደው ነው። እኛ ግን ቀልዱን ይዘነው ቤት ገባን።

አሁን ትንሽ ቴክኒክ እናውራ። አትፍሩ፣ አጭር ነው።

ተራው ጊታር ስድስት ክር አለው። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ስንቆጥር ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ተብሎ ይቃኛል። ስድስተኛውና ሦስተኛው ሲጠፉ የቀሩልን ላ፣ ሬ፣ ሲ እና ሚ ናቸው። ኪቦርዲስቱ ስልኩ ላይ ሲጎረጉር ቴነር ጊታር የሚባል ነገር አገኘ። ቴነር ጊታር ከመነሻው አራት ክር ብቻ እንዲኖረው ተደርጎ የተሠራ ጊታር ነው። አንገቱ ከተራው ጊታር አጠር ይላል። አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሲሆን ባለ አራት ክር ባንጆ የለመዱ ሙዚቀኞች ጣታቸውን ሳያስቸግሩ ወደ ጊታር የተሻገሩበት መሣሪያ ነው። በብዛት ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ ተብሎ ይቃኛል። ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ብለው የሚቃኙትም አሉ። በሁለቱም ቅኝት ከአንዱ ክር ወደ ቀጣዩ ያለው ርቀት እኩል ነው፤ ሙዚቀኞች «አምስተኛ» የሚሉት ርቀት። ቫዮሊንም የሚቃኘው በዚሁ ነው።

ይሄኔ ኪቦርዲስቱ ብድግ አለ። «የቀሩንን ክሮች ሁለቱን አንድ አንድ ቶን ብናወርዳቸው እኮ አለቀ!» አለ። እውነቱን ነው። ላ የነበረውን ወደ ሶል አወረድነው። ሬን አልነካነውም። ሲ የነበረውን ወደ ላ አወረድነው። ሚም እንዳለ ቀረ። ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ! አዲስ ክር አልገዛንም፣ አዲስ መቃኛ አልገዛንም። አምስተኛው ፍሬት ላይ ካፖ ሲታሰርበት ደግሞ ያው የተለመደው የቴነር ቅኝት፣ ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ይወጣዋል። በእጃችሁ ሁለት ክር የጎደለው ጊታር ካለ ዛሬውኑ ሞክሩት።

ጋሼ ጠጋኙ ከአሮጌ ቴፕ የተፈታ አምፕሊፋየር አበደሩን። ሰካነው። አራቱን ክሮች አንድ ላይ ነካናቸው። ከዚያ ማናችንም ለትንሽ ጊዜ አልተናገርንም።

ምን ሰማን? ትዝታን ሰማን። ትዝታ ሜጀር ከሶል ሲነሳ ድምፆቹ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ናቸው። ከአምስቱ አራቱ ጣት ሳያርፍባቸው ክሮቹ ላይ ተዘርግተው ተቀምጠዋል። የቀረችው ሲ ብቻ ናት፤ እሷም የላ ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ ናት። አንድ ጣት! አንድ ጣት አንስተህ ስትጥል ትዝታ ይወጣል።

ቀጠልን። ትዝታ ማይነር ለማውጣት ከአምስቱ ድምፆች ሁለቱ በግማሽ ቶን ይወርዳሉ፤ ሲ እና ሚ። ሶል፣ ላ እና ሬ ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። ስለዚህ የሚን ክር በመቃኛው ትንሽ ላላ እናደርጋለን፤ ጣታችንን ከሁለተኛው ፍሬት ወደ አንደኛው እንስባለን። አለቀ። ክራር ተጫዋች ቅኝት ሲለውጥ መቃኛውን ጠምዘዝ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ደግሞ የበለጠ አስደነቀን፤ የትዝታ ሜጀርን ድምፆች ይዘን መነሻችንን ከሶል ወደ ሚ ብንለውጠው ባቲ ማይነር ይሆናል። የትዝታ ማይነርን ድምፆች ይዘን ከሬ ብንነሳ አምባሰል ይሆናል። እነዚያው ድምፆች ናቸው፤ ቤቱ የሚባለው ድምፅ ሲለወጥ ግን ስሜቱ ሌላ ነው። አንቺሆዬ ግን ኩሩ ናት፤ በዚህ በዋዛ አትገኝም። ሶልና ሬ አንድ ላይ ሲያንጎራጉሩ ከእሷ ጋር አይስማሙም። ለእሷ ሌላ መላ እየፈለግን ነው።

እዚህ ላይ ኪቦርዲስቱ ራሱ አንድ ጥያቄ ወረወረ። ጥያቄው ትክክል ስለሆነ አንደብቃችሁም። «ቆይ፣ ስድስት ክር ያለውም ጊታር እኮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ ነው። አምስቱም የትዝታ ድምፆች ድሮም ክሮቹ ላይ ነበሩ! ታዲያ ዛሬ ምን አዲስ ነገር ተገኘ?» አለ።

ዝም አልን። ነበሩ። አሥር ዓመት ሙሉ እዚያው ነበሩ፤ እኛ ግን አልሰማናቸውም። ለምን? ስድስት ክር ያለውን ጊታር ስንማር መጀመሪያ የተሰጠን የኮርድ ሰንጠረዥ ነው። ጣትህን እዚህ፣ እዚህና እዚህ ድፋ፤ ግረፍ። ያንን ስንሸመድድ ኖርን። ከዚያ የሰው ዘፈን ኮርድ ፈልግ፣ ቅዳ፣ ግረፍ። ጊታሩን እንደ ካርቦን ወረቀት ተጠቀምንበት ማለት ይቻላል። አራት ክር ሲቀር ግን የለመድናቸው ኮርዶች በሙሉ ፈረሱ። ጣታችን የሚያውቀው ቦታ ጠፋ። የሚቀዳ ነገር ሲጠፋ ማዳመጥ ብቻ ቀረ።

ሌላም ምክንያት አለ። በተለመደው ኮርድ ውስጥ ሜጀር ወይም ማይነር መሆኑን የሚወስነው ሦስተኛው ድምፅ አለ። ኮርዱን ስትገርፈው ስሜቱን አስቀድመህ ወስነሃል፤ «ደስ ይበላችሁ» ወይም «አልቅሱ» ብለሃል። በአምስተኛ ርቀት የተቃኙ ሁለት ክሮች ግን ይሄን አይወስኑም። ሶልና ሬ አብረው ሲጮሁ ክፍት ናቸው፤ ለትዝታ ሜጀርም ለማይነርም ይሆናሉ። ውሳኔው የዜማው ነው፣ የዘፋኙ ነው። ዘፋኟ ጓደኛችን (አዎ፣ ሴት ናት፤ እስካሁን አልነገርናችሁም) ይሄን ስትሰማ «በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጊታር ቦታ ለቀቀልኝ» አለች። እኛም አፈርን። ሃይስኩል ሙሉ ስንጮህባት ነበር።

ኤሌክትሪክ መሆኑስ ምን ጨመረ? ዕድሜ ጨመረ። ክራር ላይ የተነካ ክር ቶሎ ይሞታል፤ ውበቱም እዚያው ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ግን ሶልን ነክተህ ስትተወው ይቆያል፤ በቆይታው ላይ ዜማህን መሥራት ትችላለህ። አራት ክር ብቻ ስለሆነ ድምፁ አይጨማለቅም። ስድስት ክር በአሮጌ ቴፕ አምፕሊፋየር ውስጥ ሲገባ እንደ ገበያ ጫጫታ ነበር። አራቱ እንደ ጨዋታ ናቸው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል።

አንድ ማታ ታዲያ መብራት ሄደ። (ከከተማችን በላይ ያሉት ኮረብታዎች ላይ የንፋስ ተርባይኖች ተተክለዋል፤ የመጀመሪያዎቹ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሁለተኞቹ በ2015 ሥራ ጀመሩ። ሁለቱ አንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ንፋሱ የእኛ፣ መብራቱ የሄደው ከእኛ ቤት። ይሁን።) አምፕሊፋየሩ ዝም ሲል ጓደኛችን መጫወቱን አላቆመም። ያለ መብራት ኤሌክትሪክ ጊታር እንደ ሹክሹክታ ነው። አራታችንም ወደ ጊታሩ ተጠጋን፤ ግንባራችን ሊነካካ ደረሰ። በዚያች ጨለማ የወጣችው ዜማ ከማንም አልተቀዳችም። የመጀመሪያ ዘፈናችን ናት። ቡና አፍዪው ጓደኛችን «ይሄ ዘፈን ነው» አለ። አሥር ዓመት የጠበቅነው ቃል ይሄ ነበር።

ይሄ ነገር የእኛ የአዳማ ልጆች ቅዠት እንዳይመስላችሁ ትንሽ ወጣ ብለን እንይ። አሜሪካ ውስጥ ታይኒ ግራይምስ የሚባል ጊታሪስት ነበር። የሚጫወተው አራት ክር ያለው ኤሌክትሪክ ቴነር ጊታር ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 የጃዝ ፒያኖው ጎልያድ አርት ታተም በትሪዮው ውስጥ አስገባው። አርት ታተም ማለት አሥር ጣቱ እንደ ሃያ ጣት የሚሮጥ ሰው ነው፤ ከሱ ጎን አራት ክር ይዞ መቀመጥ ድፍረት ይጠይቃል። በ1944 ደግሞ ግራይምስ በራሱ ስም ባስቀረጸው ሸክላ ላይ ገና ወጣት የነበረው ቻርሊ ፓርከር ሳክስፎን ተጫውቷል። በእኛ ዘመን ደግሞ አውስትራሊያዊው ቫዮሊኒስት ዋረን ኤሊስ ቴነር ጊታርን በሮክ መድረክ ላይ ይጫወተዋል። ለቫዮሊኒስት ቅኝቱ ቤቱ ነውና አይገርምም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ በተቃራኒው በኩል ይመጣል። እኛ ጊታሩን ወደ ክራር ስናስጠጋ፣ ሌሎች ክራሩን ወደ ጊታር ሲያስጠጉ ኖረዋል። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 አሜሪካ፣ ሀርቫርድና ኤም አይ ቲ በነበረበት ጊዜ ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ ክራርን ማዘመን ነበር። ለንደን ያለው በተመስገን ዘለቀ የሚመራው ክራር ኮሌክቲቭ ደግሞ ኤሌክትሪክ ክራርና ቤዝ ክራር ይዞ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኢትዮጵያ ሱፐር ክራር» የተሰኘ አልበም አወጣ። ክራር፣ ከበሮና የሰው ድምፅ፤ በቃ። ሰምታችሁት ከሆነ ሮክ ባንድ የጎደለው ነገር አለ ብላችሁ አትጠይቁም። ከዚያም በፊት እነ አስናቀች ወርቁ በአንድ ክራርና በአንድ ድምፅ ብቻ ስንቱን ልብ ይዘውት እንደኖሩ አባቶቻችንን ጠይቁ።

ደግሞ አሊ ቢራን አንርሳ። ድሬዳዋ ተወልዶ፣ በልጅነቱ አፈረን ቀሎ ከተባለው ቡድን ጋር ጀምሮ፣ የኦሮምኛን ዘፈን በኡድና በጊታር ይዞ ዓለም ዞረ። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ያረፈው እዚሁ ከተማችን አዳማ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ያን ቀን ከተማው እንዴት እንደነበር እናስታውሳለን፤ ባጃጁም፣ ሻይ ቤቱም፣ ሱቁም የከፈተው የሱን ዘፈን ነበር። ኡድ ከዓረብ አገር፣ ጊታር ከፈረንጅ አገር የመጣ ነው። በአሊ እጅ ግን እንግዳ ነው ያለ ሰው አልሰማንም። መሣሪያ የማን እንደሆነ የሚወስነው የተሠራበት ፋብሪካ ሳይሆን የወጣበት ዜማ መሆኑን ከሱ በላይ ያስተማረን የለም።

አሁን ወደሚቃወሙን እንሂድ፤ አሉና። አንድ ወዳጃችን ይሄን ሁሉ ሰምቶ «ድህነትን እያቆላመጣችሁ ነው» አለን። «ሁለት ክር ስለጎደላችሁ ጎበዝ ሆናችሁ? ነገ ደግሞ ምሳ ስለጎደለን ቀጠንን ብላችሁ ልትደሰቱ ነው?» አለ። ሳቅን፤ ግን ወጋን። እውነት አለው። ጊታር ውድ ነው፤ ከውጭ ነው የሚገባው። አንድ ክር ሲበጠስ እኛ ከተማ ነጠላውን ማግኘት ፈተና ነው። ከባቱ፣ ከመቂ፣ ከአርሲ ነገሌ የሚመጡ ልጆች ለአንድ ፓኬት ክር አዳማ ወይም ሻሸመኔ ድረስ እንደሚሄዱ ነግረውናል። ይሄ መስተካከል ያለበት ነገር ነው፤ በትዝታ አይሸፈንም።

ነገር ግን አንድ ነገር እንንገራችሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ውጭ አገር ያለች የባለጊታሩ እህት አዲስ መቃኛና ሙሉ ፓኬት ክር ላከችለት። ጊታሩን ወደ ስድስት መመለስ የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። አራታችንም ተቀምጠን ተያየን። መቃኛውን ገጠምነው፤ መሣሪያ ጤናማ መሆን አለበትና። ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ክር ግን ከፓኬቱ አላወጣናቸውም። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ጎዶሎ ሲጫንብህ ችግር ነው። አውቀህ ስትመርጠው ግን ቅኝት ነው። መሰንቆ ተጫዋች ሁለተኛ ክር ስላጣ አይደለም በአንዱ የሚጫወተው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ የመጣውም ከሰፈራችን ክራር ደርዳሪ ነው። ጋሼ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ መስማት ግን ይሰማሉ! አንድ እሑድ በራችን ላይ ቆመው ሲያዳምጡን ቆዩና «እናንተ ልጆች፣ ጊታር አበላሻችሁ ወይስ ክራር?» አሉን። አስገባናቸው፣ ቡና ቀዳንላቸው። ሲያዳምጡ ሲያዳምጡ ሲ ላይ ስንደርስ ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ። «ይቺ ቦታ ትንሽ ትቆረቁራለች» አሉ።

ትክክል ናቸው። ጊታር ፍሬት አለው፤ ፍሬት ደግሞ ኦክታቩን አሥራ ሁለት እኩል ቦታ ይቆርጠዋል። ክራር ግን የሚቃኘው በሰው ጆሮ ነው፤ ጋሼ ሲቃኙ ክሩ የሚያርፍበት ቦታ ከኪቦርዱ ቁልፍ ትንሽ ከፍ ወይም ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ያቺ «ትንሽ» ናት ለዛው። ኪቦርዲስቱ ይሄን ሲሰማ ትንሽ ተከፋ፤ የኖረበት መሣሪያ ነውና። ጋሼ ግን መድኃኒቱንም ሰጡን፦ «ጣትህን ብረቱ ላይ አትቸንክረው፤ ክሩን ገፋ አድርገህ ወደ ድምፁ ውሰደው። ጆሮህ ሲበቃው ተወው» አሉ። ክር መግፋት እያንዳንዱ የሮክ ጊታሪስት የሚያውቀው ነገር ነው፤ ወዴት መግፋት እንዳለብን ግን የነገሩን እሳቸው ናቸው።

ሌላም አስተማሩን። ክራር ሲገረፍ ቀኝ እጅ ሁሉንም ክሮች ይመታል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ ከጀርባ ሆነው መጮህ የሌለባቸውን ይይዛሉ። የሚፈለገው ክር ብቻ ሲለቀቅ ይጮሃል። እኛ ጊታር ላይ የተማርነው ተቃራኒውን ነው፤ ድምፅ እንዲወጣ መጫን። የጋሼን አያያዝ ወደ አራቱ ክሮች ስናመጣው ጊታሩ መራመድ ጀመረ። ስድስት ክር ላይ ሞክረነዋል፤ ለእኛ ጣቶቹ አልደረሱም። አራት ጣት ለአራት ክር! ፈጣሪ ራሱ ያሰበበት ይመስላል።

እንግዲህ አቋማችንን ጠቅለል እናድርገው።

አንደኛ፣ ጊታር የምታስተምሩ ወንድምና እህቶቻችን ሆይ፣ ከኮርድ ሰንጠረዡ በፊት ቅኝት አስተምሩ። አንድ ልጅ ትዝታን በአንድ ጣት አውጥቶ ቢስቅ ነገ ተመልሶ ይመጣል። ሰንጠረዥ ሸምድዶ ጣቱ የቆሰለ ልጅ ግን ጊታሩን አልጋ ሥር ይከተዋል። ከእኛ በላይ ምስክር የለም።

ሁለተኛ፣ በአዳማም፣ በሞጆም፣ በባቱም፣ በሻሸመኔም ያላችሁ የወጣት ማዕከላት፣ ክራሩንና ጊታሩን በተለያየ ክፍል አትቆልፏቸው። አንዱን «ባህላዊ»፣ ሌላውን «ዘመናዊ» ብለን ስም ስለሰጠናቸው እንጂ ቢገናኙ የሚያወሩት አላቸው። የሰፈሩን ክራር ደርዳሪ ቡና ጠርታችሁ አስቀምጡ። እነሱ ሲያልፉ ያቺ «ትንሽ» ድምፅ አብራ ትሄዳለች፤ በኪቦርድ አትመለስም።

ሦስተኛ፣ ሠርግ ደጋሾች፣ ፍላሹን ጣሉ አንልም። ከማታው ውስጥ ግማሽ ሰዓት ብቻ ለሰው እጅ ስጡ። ሙሽሮቹ ከዓመታት በኋላ የሚያስታውሱት ያቺን ግማሽ ሰዓት ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ አንተ ወንድማችን፣ አንቺ እህታችን፣ «ሙሉ ሲሆን እጀምራለሁ» የምትሉ። ሙሉ ጊታር ሲኖረኝ፣ አዲስ አበባ ስገባ፣ ስቱዲዮ ሳገኝ። እኛም እንዲያው ስንል ሁለት ዓመት ጊታር አልጋ ሥር አስተኛን። ያለህን ክር ቁጠር፤ የቀረውን ቃኘው። ሁለት ከሆነ በሁለት፣ አንድ ከሆነ በአንድ። ጎዶሎው ምን እንደሚያመጣ ሳትሰማው አታውቅም።

ባለጊታሩ ጓደኛችንስ? መንጃ ፈቃዱን ዘግይቶም ቢሆን አወጣ፤ ተበድሮ። አሁን አዳማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። አንድ ቀን ተሳፍራችሁ ከኋላችሁ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ካያችሁ አትደንግጡ። ጉድጓድ ሲደርስ ቀስ የሚለው ለእናንተ ብቻ ብሎ አይደለም።

ዘፈናችን አንድ ናት፤ ሁለተኛዋ እየመጣች ነው። አንቺሆዬ እሺ ካለችን ሦስት ይሆናሉ።